ከበርበራው አባን እስከ ሐርጌሳው ተያዥ

ባለፈው ወር የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ወረፋ ይዤ ነበር። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት ፓስፖርቴን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና፣ በሶማሊኛ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀኝ። “ዋላል፣ ተያዥህ ማነው?”

ስንት ዓመት እንደቆየሁ አልጠየቀኝም። ምን እንደምነግድም አልጠየቀኝም፤ እሱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የፈለገው የአገሩን ሰው ስም ነው። በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ከጅግጅጋ እያስመጣሁ ሐርጌሳ መሸጥ ከጀመርኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ይህን ጥያቄ የሰማሁትም ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም። ያን ቀን ግን ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። በዚህ መንገድ ላይ ከሰሜንም ከምዕራብም የመጣ ነጋዴ ሁሉ ይህንኑ ሲጠየቅ ኖሯል። እኛ “ጊዜያዊ” እና “ቋሚ” የምንለው ነገር በዚህ አገር ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ለመጻፍ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ እዚህ ያለ ወረቀታችን በሙሉ በዚያ ስለሚቆጠር እንዳያምታታን ብዬ ነው።

ነገሩን ከበርበራ እንጀምር። ከእንግሊዝ በፊት፣ በ1840ዎቹ፣ በርበራ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ከተማ አልነበረችም። ገበያዋ በጥቅምት አካባቢ ይቆምና እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። በዚያ ወቅት ከኦጋዴንና ከሐረር በኩል የግመል ሲራራ ይወርዳል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሙጫ፣ ቆዳ ይመጣል። ባሪያም ይመጣ ነበር፣ ይህን ሳንጽፍ ማለፍ አይገባንም። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ የሕንድና የዓረብ ጀልባዎች ጨርቅ፣ ሩዝና ቴምር ይዘው ይጠብቃሉ። በዘመኑ ቦታውን ያየው ክራተንደን የሚባል የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን በገበያው ሰሞን እስከ 20 ሺህ ሰው ይሰበሰብ እንደነበር ጽፏል። ሙቀቱ ሲበረታ ግን ሁሉም ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። የጎጆዎቹ ማገር ይፈታና ለሚቀጥለው ዓመት እንዲሆን ባሕሩ ዳር ተከምሮ ይቀመጣል። ገበያው በተፈታ በሳምንቱ ክራተንደን ሦስት ሰጎኖች በባሕሩ ዳርቻ ቀስ ብለው ሲራመዱ አይቷል።

እኔ ይቺን የማገር ክምር አልረሳትም። በየዓመቱ ፈቃድ የምናሳድስ ሰዎች የምንኖረው በእንደዚያ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው።

በዚያ ገበያ አንድ እንግዳ ነጋዴ ያለ አባን አንዲት ቆዳ እንኳ መግዛት አይችልም። አባን ማለት ነጋዴው ገና ከጀልባው ወይም ከግመሉ ሳይወርድ የሚይዘው የአገሩ ሰው ነው። ያሳድረዋል፣ ያስተረጉምለታል፣ ያደላድልለታል፣ ጠብ ቢነሳ ከፊቱ ይቆምለታል። ከእያንዳንዱ ሽያጭም ድርሻውን ያነሳል። ነጋዴው ቢዘረፍ ወይም ቢገደል የተደፈረው አባኑና የአባኑ ጎሳ ነው፤ ካሳውን የሚጠይቁትም እነሱ ናቸው። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነስቶ ወደ ሐረር ሲጓዝ እሱም አባን መያዝ ነበረበት። መጽሐፉ ላይ አባኖች ያስወጡትን ወጪ እየቆጠረ ሲያማርር ይታያል። ዛሬ ቶጎ ውጫሌ ላይ ስለ ትራንዚተር ዋጋ የሚያማርር ነጋዴ ቢያነበው ይስቅ ነበር። (በነገራችን ላይ ይህ ውጫሌ በ1889 ውል የተፈረመበት የወሎው ውጫሌ አይደለም። ልጆቻችን ስለሚያምታቱት ነው።)

የአባን ሥርዓት መጥፎ ብቻ ነበር ለማለት አልደፍርም። መንግሥት በሌለበት አገር የሰው ሕይወትና ንብረት የሚጠበቀው በቃልና በዘመድ ነው። በሶማሌ ልማድ ጥበቃ ሥር የገባ እንግዳ “መገን” ይባላል፣ እሱን መንካት ነውር ነው። ከዚያ አልፎ፣ በተለይ በደቡቡ የሶማሌ አገር፣ አንድ መጤ የአስተናጋጁን ጎሳ የትውልድ ሐረግ እንደራሱ አድርጎ የሚቆጥርበት “ሼገድ” የሚሉት መንገድ አለ። የእኛም አገር ሰው ይህን አያጣውም፤ የኦሮሞው ሞጋሳ ያንኑ የሚመስል ሥራ ሠርቷል። ስለዚህ ከእንግድነት ወደ ቤተሰብነት የሚያሻግር በር በዚህ ቀጠና ድሮም ነበር። በሩ ግን በሰው እጅ ነበር። አባኑ ከተጣላህ፣ ከሞተ ወይም ከከሰረ አንተም ሜዳ ላይ ነህ።

በባሕረ ሰላጤ አገሮች የሠራችሁ፣ ወይም እህት ልጅ የላካችሁ፣ ይህን ነገር በ“ከፊል” ስም ታውቁታላችሁ። ፈቃዱ በአሠሪው ስም ይታሰራል፤ ከእሱ ከተለየህ የቆየህበት ዓመት ሁሉ ዋጋ የለውም። በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዘመቻዋን ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ቤት ተመልሰዋል። ከእነሱ ውስጥ አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት የቆየ ሞልቶ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት አንድ ላይ ተደምሮ አንድ መብት አልሆነላቸውም።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ሐርጌሳ ያኔ በበርበራና በጅግጅጋ መካከል ያለች የውኃ ቦታ ነበረች። ከተማ ያደረጓት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ደቀ መዛሙርታቸውን ይዘው የሰፈሩት የቃዲሪያው ሼክ መደር ናቸው። ስሟን “ታናሿ ሐረር” ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ትርጉሙ ያከራክራል፣ ይሁን እንጂ የሐረር ሲራራ ውኃ የሚጠጣባት ከተማ እንዲህ ብትባል አይገርምም።

አሁን ወደ ዋናው ወረቀት ደረስን። በ1887 ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች፤ ራስ መኮንንም ገዥዋ ሆኑ። እንግሊዞች ደግሞ በዚያው ሰሞን በርበራንና ዘይላን ይዘው ነበር። ዓድዋ በ1896 ካለፈ በኋላ ለንደን ከአዲስ አበባ ጋር ሳይነጋገር መኖር እንደማይችል ገባው። ሬኔል ሮድ የሚባል መልእክተኛ በዘይላና በሐረር አድርጎ አዲስ አበባ ወጣ፤ ግንቦት 14 ቀን 1897 ከአፄ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረመ። ድንበሩን የሚወስኑት ደብዳቤዎች ደግሞ በሰኔ ወር ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ጋር ተለዋወጡ።

ስለዚህ ውል ስናወራ ሁልጊዜ የምናነሳው ድንበሩን ነው። ለነጋዴ ግን ትልቁ ቁም ነገር መጀመሪያ ላይ ነው ያለው። የሁለቱ መንግሥታት ዜጎች በሌላው ግዛት ለመምጣት፣ ለመሄድና ለመነገድ ሙሉ ነጻነት አላቸው፤ በሄዱበት አገር መንግሥት ጥበቃም ሥር ይሆናሉ። የታጠቀ ቡድን ግን ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳያልፍ ይከለከላል። ቀጥሎ ደግሞ ከዘይላ በጀልዴሳ በኩል ወደ ሐረር የሚወስደው የሲራራ መንገድ ለሁለቱም ወገን ንግድ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ይላል። ለምኒልክ መንግሥት የሚመጣ ዕቃም በዘይላ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተስማሙ። የሐረሩ ደብዳቤ በበኩሉ ለከብት አርቢው አሰበ። በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሳዎች ለእነሱ ቅርብ የሆነውን ግጦሽና የውኃ ጉድጓድ ማዶ ተሻግረው መጠቀም እንዲችሉ፣ እዚያ ባሉበት ጊዜ ግን ለዚያ ግዛት አስተዳደር እንዲታዘዙ ይላል።

ልብ ብላችሁ አንብቡት። ነጋዴው መምጣት፣ መሄድና መነገድ ይችላል። አርቢው በዝናቡ ወቅት ተሻግሮ መመለስ ይችላል። አንድ የሐረር ሰው በርበራ ወይም ሐርጌሳ ገብቶ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ አርጅቶ ቢኖር ምን እንደሚሆን ግን አልተነገረም። ይህ በክፋት የተተወ አይመስለኝም። ለሁለቱም ተፈራራሚዎች ነጋዴ ማለት ግመል ጭኖ የሚያልፍ ሰው ነበር። የመንግሥት ጥበቃ መጣለት፣ ስለዚህ በወረቀት ደረጃ አባን አያስፈልገውም ተባለ። በኑሮ ግን አባኑ አልጠፋም፣ ስሙን ብቻ ለወጠ፤ ደላላ ሆነ፣ ሸሪክ ሆነ፣ ተያዥ ሆነ። የምንኖረው እስከ ዛሬ በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው ብዬ አስባለሁ።

ቀጥሎ ያለው ግማሽ ክፍለ ዘመን ለዚህ ጉዳይ ብዙም የሚጨምረው ነገር የለም። በ1902 መጨረሻ የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ዘይላ ተዳከመች፣ የበርበራም ድርሻ ቀነሰ። በ1941 እንግሊዞች ከጣሊያን ካስመለሷት በኋላ ዋና ከተማቸውን ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ አዛወሩ። በኅዳር 1954 ለንደን ላይ በተፈረመው ስምምነት ሐውድ በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ፤ የግጦሹ መብት እዚያም ተደገመ። የነጋዴው መኖር ግን አሁንም አልተነሳም። ሰኔ 26 ቀን 1960 ሶማሌላንድ ነጻ ወጣች፣ በአምስተኛው ቀን ከደቡቡ ጋር ተዋሐደች። ከዚያ በ1964 ጦርነት ሆነ፣ በ1977 ደግሞ ትልቁ ጦርነት መጣ። በዚያ ዘመን አማርኛ የሚናገር ሰው ሐርጌሳ ገበያ ላይ ሱቅ ከፍቶ ስለመቀመጥ ማሰብ እንኳ ዘበት ነበር።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ።

ቤት ያከራዩኝ እናት ሐርጌሳ የተወለዱ ናቸው፤ እኔ “ኤዶ” እላቸዋለሁ፣ እሳቸው “ልጄ” ይሉኛል፣ በአማርኛ። አማርኛውን የት ለመዱት ብትሉ፣ በ1988 ነው። በግንቦት መጨረሻ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ከኢትዮጵያ በኩል ገብተው ቡርኦንና ሐርጌሳን ሲያጠቁ የሲያድ ባሬ መንግሥት ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። አውሮፕላኖቹ ከሐርጌሳው ከራሷ ማረፊያ እየተነሱ ነበር የሚደበድቧት። ዛሬ መሐል ከተማ ላይ የተሰቀለው ሚግ የዚያ ማስታወሻ ነው። ኤዶ ያኔ ልጃገረድ ነበሩ፤ ከእናታቸው ጋር በእግር ድንበር ተሻግረው ሐርተሼክ ደረሱ።

ሐርተሼክ ውኃ የሌለበት ሜዳ ነው፣ ውኃው በቦቴ ይመጣ ነበር። በሞላበት ጊዜ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ሰፍሮበት ነበር፣ በዚያን ዘመን ከዓለም ትልልቆቹ የስደተኛ ካምፖች አንዱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ገበያ ሆነ፣ ያውም ምን ዓይነት ገበያ! የዱባይ ራዲዮ፣ የጨርቅ ጥቅል፣ ሲጋራ፣ ምን የማይገኝበት አለ? ከአዲስ አበባ ድረስ ሰው እየመጣ ይሸምት ነበር። ዛሬ ሐርጌሳ ውስጥ ትልልቅ መጋዘን ያላቸው አንዳንድ ሰዎች ንግድ የጀመሩት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ኤዶም ከጅግጅጋ ሽንኩርትና ድንች እያመጡ ቸረቸሩ፤ የእኛን ቋንቋ ያስተማራቸው የጅግጅጋ ሚዛን ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን፤ እነዚያ ሁሉ ሰዎች በኢትዮጵያ ምን ነበሩ? ስደተኛ ነበሩ። በእጃቸው ያለው የራሽን ካርድ ነው። ሠሩ፣ ነገዱ፣ ወለዱ፣ ቀበሩ። ካርዱ ግን ወደ መኖሪያ ፈቃድ፣ መኖሪያ ፈቃዱም ወደ ሌላ ነገር የሚያድግበት ደረጃ አልተዘረጋላቸውም። ግንቦት 18 ቀን 1991 ቡርኦ ላይ ሶማሌላንድ ተለይታ መውጣቷ ሲታወጅ መመለስ ጀመሩ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በስደተኞች ኮሚሽን መኪና ተመለሱ። ሐርተሼክ በ2004 ተዘጋ። በዘመድ በኩል ጅግጅጋና አካባቢው የቀሩ ሰዎች አሉ። እነሱም የቀሩት በሰው ነው እንጂ በወረቀት አይደለም። ኤዶ የራሽን ካርዳቸውን እስከ ዛሬ ከወርቃቸው ጋር አስቀምጠውታል። “ይኼ ባይኖር እዚያ መኖሬን ማን ያምነኛል?” ይላሉ።

ለዚህ ነው አንዳንድ ወገኖች “ሶማሌዎች እኛን እንግዳ አድርገው ያዩናል” ብለው ሲያማርሩ የማልስማማው። እንግድነትን ከእኛ ቀድመው፣ በእኛው አገር፣ በከፋ ሁኔታ ቀምሰውታል። ሆኖም ቀምሰውታል ማለት ሕጋቸው ለእኛ ላላ ይላል ማለት አይደለም።

ሕጉን እንየው። በ2001 ግንቦት 31 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ዜጋ የሚለው ከሰኔ 26 ቀን 1960 በፊት ወይም በዚያ ቀን በሶማሌላንድ ይኖር ከነበረ ሰው የተወለደን ነው። በ2002 የወጣው የዜግነት ሕግ ቁጥር 22 ይህን ዘረዘረ፤ የዘር ሐረጉ የሚቆጠረው በአባት በኩል ነው። ስለዚህ ሐርጌሳ ውስጥ መወለድ ብቻውን ለልጃችን ምንም አይሰጠውም። ለውጭ ዜጋ ግን ሕጉ አንድ በር ትቷል። ዕድሜው የደረሰ፣ ጠባዩ የተመሰከረለት፣ በወንጀል ያልተቀጣና ቢያንስ 10 ዓመት ሳይቋረጥ በሕጋዊ መንገድ የኖረ ሰው ማመልከት ይችላል። ማመልከት ይችላል ማለት ይሰጠዋል ማለት አይደለም፣ ይህን አትርሱ። ያም ሆኖ ከ1897 ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆይታን እንደ ዋጋ የቆጠረ ጽሑፍ ይኸው ይመስለኛል።

ከባዱ ቃል “ሳይቋረጥ” ነው። እኔ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ሐርጌሳ የገባሁት በ2009 ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ ጥቅምት 29 ቀን 2008፣ በአንድ ቀን በቤተ መንግሥቱ፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ቢሮና በኢትዮጵያ ንግድ ጽሕፈት ቤት ላይ በመኪና ቦምብ ጥቃት ደርሶ ከ20 በላይ ሰው ሞቶ ነበር። የመጣሁት ሁሉም ሰው እርስ በርሱ በጥርጣሬ በሚተያይበት ሰሞን ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ፈቃድ ሳይኖረኝ ሠራሁ፤ እንደ እኔ ያለው ብዙ ነበር፣ ማንም አልጠየቀንም። በመስከረም 2011 መንግሥት ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ከአገር እንዲወጡ አዘዘ። ባለሥልጣናት ያነሱት ቁጥር 80 ሺህ ነበር፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ። ዕቃዬን በግማሽ ዋጋ ሸጬ ጅግጅጋ ገባሁ። ማገሬን ባሕር ዳር ከምሬ ሄድኩ ማለት ነው።

በ2013 ስመለስ ብልህ ሆኜ ነበር፣ በኤዶ ተያዥነት ፈቃድ አወጣሁ። በየዓመቱ አሳደስኩ። በመጋቢት 2020 ዕቃ ለመጫን ድሬዳዋ እያለሁ ኮሮና መጣና ድንበር ተዘጋ። ፈቃዴ እዚያው እያለሁ አለቀ። ወራት አልፈው ስመለስ የተሰጠኝ አዲስ ፈቃድ ነው፤ ቁጥሩም ቀኑም አዲስ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያሳደስኩት ወረቀት በእጄ አለ፤ ነገር ግን “ሳይቋረጥ” የሚለውን ቃል ለሚያነብ ሰው ቆጠራው የሚጀምረው ከ2020 መጨረሻ ነው። ማንንም አልወቅስም፣ ድንበሩን የዘጋው በሽታ ነው። ከመሄዴ በፊት ግን ሁለት ወር ቀርቶት የነበረውን ፈቃድ ቀድሜ ማሳደስ እችል ነበር፤ “ስመለስ” አልኩ። ይቺን “ስመለስ” የምትል ቃል ነው ዛሬ ለወጣት ነጋዴ ሁሉ የማስጠነቅቀው።

የአገራችንን ሕግ ሳንነካ ብንሄድ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል። ኢትዮጵያ በ1930 ባወጣችው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ የትም ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ነው አለች። “ወይም እናቱ” የሚለው በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ያው ሕግ ለውጭ ሰው በአምስት ዓመት መኖርና አማርኛ መናገርና መጻፍ በር ከፈተ፤ የአዲስ አበባና የሐረር አርመኖችና ግሪኮች የኖሩት በዚህ ጥላ ሥር ነው። የ2003ቱ አዋጅ ቁጥር 378 ዓመቱን ወደ አራት አወረደው፤ ቋንቋውንም ከአማርኛ ብቻ ወደ አገሪቱ ቋንቋዎች ወደ አንዱ አሰፋው። ስለዚህ ከሐርጌሳ ሄዶ ጅግጅጋ አራት ዓመት በሕግ የኖረ ሰው ቋንቋውን በተመለከተ ሶማሊኛው ይበቃዋል። ይህን ለሶማሌ ወዳጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም።

ይኸው አዋጅ ግን ሌላ ስለትም አለው። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ለዚህም ነው አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የግሪን ካርድ ዘመናቸውን የሚያስረዝሙት፤ ግሪን ካርድ መኖሪያ ነው፣ ፓስፖርቱን አይወስድም። ፓስፖርቱን የቀየሩት ደግሞ በ2002 በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት በቢጫ ካርድ ይመላለሳሉ፤ ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራሉ። እኛ ሐርጌሳ ያለነው መካከለኛው ደረጃ የጎደለን ነን። በማውቃቸው ሰዎች እጅ የማየው የዓመት ፈቃድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተጻፈው ትልቅ በር የዜግነቱ ነው። አዲስ አበባ እንደ አገር ያላወቀችው መንግሥት ዜግነት ቢሰጠኝ የእኛው አዋጅ ምን ይለኛል? ይህን ለጠበቃ ጠይቄ መልሱ ከሦስት ብርጭቆ ሻይ በላይ ወስዷል፣ አሁንም አልቋጨውም።

በጥር 1 ቀን 2024 የመግባቢያ ሰነዱ አዲስ አበባ ላይ ሲፈረም ገበያው ውስጥ ያልተወራ ነገር አልነበረም። “ቪዛ ሊቀር ነው”፣ “መታወቂያ ሊሰጡን ነው” ተባለ። ሰነዱ ለሕዝብ አልወጣም፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 11 ደግሞ አንካራ ላይ ከሞቃዲሾ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ። በወሬው ተማምነው ፈቃዳቸውን ሳያሳድሱ የቆዩ ሁለት ልጆች አውቃለሁ። ቅጣቱን ከፈሉ፣ የከፋው ግን ቆጠራቸው መቋረጡ ነው።

የልጆቹን ጉዳይ ልጨምር፣ ብዙ እናቶች ስለሚጠይቁኝ። እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ የዚህ አገር ሰው የሆነ ልጅ በዚህ በአባቱ፣ በዚያ በእናቱ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ከበቃ ይበቃል ይላል። ሁለቱም ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ልጅ ግን እዚህ የተወለደ ቢሆንም በወረቀት ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው። የልደት ወረቀቱን ከሆስፒታሉ ወዲያው ተቀብላችሁ በቆንስላ ካላስመዘገባችሁት፣ ሲያድግ በሁለቱም ወገን የሚያውቀው አይኖርም። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት “የት ነው የተወለድከው?” ሲባል አፉን የያዘ ልጅ አይቻለሁ፤ እናቱ ወረቀቱን በዝናብ ጊዜ ጥላዋለች።

እኔ አሁን አንድ ፕላስቲክ ፎልደር አለኝ። ከ2013 ጀምሮ ያለ እያንዳንዱ ፈቃድ፣ የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ያለባቸው የሁለት ፓስፖርት ቅጂዎች፣ የማዘጋጃ ቤት ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ በዛድ የከፈልኩት ሁሉ በየወሩ ታትሞ እዚያ ውስጥ ነው። ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው አሳድሳለሁ፤ የዛሬ ወር የሄድኩትም ለዚያ ነበር። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ተያዤ ናቸው። ኤዶ ታመዋል፣ ስኳሩ እግራቸውን ይዟቸዋል። ልጃቸው ለንደን ነው ያለው። “ከእኔ በኋላ ማን ይሆንሃል?” ብለው ራሳቸው ናቸው የጠየቁኝ፤ እኔ አፍሬ ዝም አልኩ።

ያን ቀን መስኮቱ ጋ ስማቸውን ስነግረው ወጣቱ ቀና ብሎ አየኝ። “ሐርተሼክ የነበሩት?” አለ። አዎ አልኩት። የእሱም እናት እዚያ ነበሩ አሉ። ወረቀቱን መታበትና መለሰልኝ። አንድ ዓመት ይላል። አሥረኛው የሚሞላው በ2030 መጨረሻ ነው።